እኛም መድረክ ነበረን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሰሞኑን ስለ ድሮ ዘፋኞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደብረ ማርቆስ ሆኜ አነበብኩት። ጎረቤቶቼም ተቀባብለው አነበቡት። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ጸሐፊው ለፍቶበታል። ዝም ብዬ እንዳላልፈው ያደረገኝ አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱን ልንገራችሁ።

ጽሑፉ ከ1962 እስከ 1966 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ፣ ፈረንጆቹ የሰባዎቹ መጀመሪያ የሚሉትን፣ «ወርቃማው ዘመን» ይለዋል። ይሁን። ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ከአዲስ አበባ ንቅንቅ አይልም። ውቤ በረሃ አለ፣ ራስ ሆቴል አለ፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የሚባለው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር አለ፣ ፒያሳ አለ። ያነበበ ሰው እኛ ከዓባይ ወዲህ ያለነው ሬዲዮ ከፍቶ ከማዳመጥ በቀር ምንም ያልሠራን ይመስለዋል። እንደሱ አይደለም። እኛም መድረክ ነበረን። እኔ ራሴ ወጥቼበታለሁ።

ከአዲስ አበባ ያገኘነውን አልክድም። ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለን፣ ማሕሙድ አሕመድን ከክቡር ዘበኛ፣ ሂሩት በቀለን ከፖሊስ ኦርኬስትራ የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. በራሱ ገንዘብ ሸክላ ማሳተም ከጀመረ በኋላ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በአዋጅ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ ግን ደፍሮ ገባበት፤ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላ አወጣ። አንዱ ገጽ ላይ አንድ ዘፈን፣ ሌላው ገጽ ላይ ሌላ ዘፈን፤ ሦስት አራት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ሸክላው በአውቶቡስ ማርቆስ ይደርሳል። አንዳንድ ቡና ቤቶች ማጫወቻ ነበራቸው። ሴት ተማሪ ቡና ቤት አትገባም፤ ከገባች ስሟ ይጠፋል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ግድግዳው ሥር እንቆማለን። አንዷ የመጀመሪያውን ስንኝ ትይዛለች፣ ሌላዋ ሁለተኛውን፣ ሌላዋ አዝማቹን። ቤት ስንደርስ አንድ ላይ ገጣጥመን ደብተር ላይ እንጽፋለን። የሒሳብ ደብተሬ ከኋላው በኩል ዘፈን ብቻ ነበር።

በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ነበረ። ያቋቋሙት አንድ የታሪክ መምህር ናቸው። መሣሪያችን አንድ አኮርዲዮን፣ ሁለት ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና ማሲንቆ ነበር። ጊታር ደግሞ የሰላም ጓድ አሜሪካዊ መምህር ይዞ ይመጣል። እኛን ለማስተማር የመጣው እንግሊዝኛ ነበር፤ ማታ ማታ ግን እሱ ከእኛ አምባሰልና ባቲ የሚባሉትን ቅኝቶች ይማር ነበር።

ክራሩ ሁለት የሆነበትን ምክንያት ልንገራችሁ፤ ዛሬ በኪቦርድ የሚጫወቱ ልጆች ይሄን አያውቁትም። ክራር አንድ ጊዜ ለትዝታ ከተቃኘ ለባቲ አይሆንም። ከክሮቹ የተወሰኑት እንደገና መቃኘት አለባቸው። ሰው ሞልቶ እየጠበቀ ቆሞ ክራር መቃኘት ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ አንደኛው ለትዝታ፣ ሁለተኛው ለባቲ ተቃኝቶ ይቀመጣል። አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ከመጣ ግን አንዱን መፍታት ግድ ነው። ያን ጊዜ ከልጆቹ አንዱ ወጥቶ ይሸልላል፣ ቀረርቶ ይለቃል። ሕዝቡ «ጎበዝ!» እያለ ሲያጨበጭብ የክራር ልጃችን ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮውን ክራሩ ላይ ጥሎ ይቃኛል። ሽለላው የፕሮግራሙ አካል ይመስል ነበር። ነበርም።

አኮርዲዮን ደግሞ ለማንም እሺ አይልም። ድምፁ እንደተሠራ ነው፤ ዝቅ በል ከፍ በል ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ ሁሉም መሣሪያ ወደ እሱ መምጣት አለበት። ማሲንቆ ቀላል ነበር፤ አንድ ክር ስለሆነ መቃኛውን ጠምዘዝ ማድረግ ነው። ዋሽንቱ ግን አልገጥምም ይላል። ዋሽንት ነፊያችን የተለያየ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች በከረጢት ይዞ ይመጣና ከአኮርዲዮኑ የሚስማማውን እየነፋ ይመርጣል። ይሄን ያስተማረን ሰው የለም። በጆሯችን ነው የደረስንበት።

ማሲንቆ የሚመታልን ተማሪ አልነበረም። ጠጅ ቤት የሚጫወት አዝማሪ ነበር። መምህራችን ለምነው አመጡት። ይሄ ነገር ያስነሣው ጭቅጭቅ! ወላጆች ተሰብስበው «ልጆቻችንን ለትምህርት ላክን እንጂ ለአዝማሪ አልላክንም» አሉ። መምህሩ ሳይቆጡ «እሱ ለእናንተ ልጆች ያስተምራል፤ የእናንተ ልጆች ደግሞ ለእሱ ፊደል ያስቆጥሩታል» ብለው መለሱ። እውነትም እኛ ፊደል አስቆጠርነው። እስከ ዛሬ በዚህ እኮራለሁ።

ግጥም የሚጽፍልን ደግሞ ከቅኔ ቤት ወደ ዘመናዊ ትምህርት የመጣ ልጅ ነበር። የቆሎ ተማሪ ሆኖ ጎንጅ ድረስ ሄዶ ቅኔ የተማረ፣ ከእኛ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ክፍል ውስጥ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ። የሸክላ ዘፈን ዜማውን እንወስድና ቃሉን እሱ ይለውጠዋል። አዲስም ይጽፋል። አንዱን ሳልረሳው ቀርቻለሁ፦

ዓባይን ተሻግሮ ደብዳቤ ሰደደ፣
ፊደል ያልቆጠረ ቀለሙን ወደደ።

ይሄን ስዘፍን ፊት ወንበር ላይ ከተቀመጡት አንድ መሪጌታ «ይበል!» አሉ። ቅኔ ማኅሌት ውስጥ የሚባለውን በዘፈን ላይ አሉት። አዳራሹ ተናጋ። «ይደገም! ይደገም!» ሆነ። ጎጃም ውስጥ ዘፈን በድምፅ ብቻ አይወደድም፤ ስንኙ ባዶ ከሆነ የፈለገ ድምፅ ይኑርህ ሰው ወሬውን ይቀጥላል። አዲስ አበባ ጭፈራ ቤት ውስጥ እንደዚያ አይመስለኝም። እዚህ አድማጩ ግጥም ያውቃል። ይሄን የሚጽፍልን ሰው እፈልጋለሁ።

ያ ቀን ሰኔ 1964 ዓ.ም.፣ የወላጆች በዓል ነበር። መጋረጃው አቡጀዲ ነው፤ ባልትና የሚማሩ ልጆች በእጃቸው ሰፉት። አግዳሚ ወንበሩን ከየክፍሉ ወንዶቹ ተሸክመው አመጡ። ማይክራፎን አንድ ብቻ ነበር፤ ለዘፋኝም፣ ለማሲንቆም፣ ለንግግር አድራጊም። የማይክራፎኑ ማቆሚያ ብሎኑ ዝጎ ዝቅ አይልም ነበር። ትንሽ ልጅ ስለሆንኩ አልደርስበትም። መምህሩ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው አስቀመጡልኝ፤ እሱ ላይ ቆሜ ዘፈንኩ። እግሬን ሳንቀሳቅስ ሳጥኑ ይንቋቋል፤ ያም በማይክራፎኑ ይሰማል። ስለዚህ እስክስታውን በትከሻ ብቻ ነበር የምመታው። ሰው ግን «ምን ዓይነት ቁጥብ ልጅ ናት» አለ።

ቀሚሱ የታላቅ እኅቴ ነበር፤ ጥበብ ያለው። እናቴ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ያዝ ያዝ አደረገችልኝ። አባቴ አያውቅም ነበር። በማግሥቱ ገበያ ላይ ሰው «ልጅህ እንዴት ዘፈነች!» አለው። ቤት መጥቶ ምንም አልተናገረም። ማታ እራት ከተበላ በኋላ «ዘር ማንዘራችን አዝማሪ የለበትም» አለ። በቃ፤ ይሄ ብቻ ነው ያለው። እኔን አልመታኝም፤ እናቴን ግን ብዙ ቀን አኮረፋት።

«ወርቃማ ዘመን» የሚለው ቃል ላይ የምለው አለኝ። ለማን ወርቃማ? ያኔ መድረክ ላይ የወጣች ሴት ምን ይደርስባት እንደነበር ጽሑፋችሁ አንድ መስመር የለውም። አስናቀች ወርቁ ቴአትር መድረክ ላይ ስትወጣ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ብዙነሽ በቀለ፣ ሂሩት በቀለ፣ ጠለላ ከበደ፣ ሜሪ አርምዴ፤ እነዚህ ሁሉ ድምፃቸው ብቻ አይደለም የሚደነቀው። ሕዝብ ፊት መቆማቸው ራሱ ድፍረት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ እስቲ ማርቆስን፣ ቢቸናን፣ ደጀንን አስቡት። ወንዶቹም ቢሆኑ እንደልባቸው አልነበሩም። ትልልቆቹ ባንዶች የጦርና የፖሊስ ነበሩ። ጥላሁንን ያህል ሰው በ1953 ዓ.ም. ከመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ በኋላ ታስሯል። የሚያምር ዘፈን ነበር ማለትና ሁሉ ነገር ያምር ነበር ማለት አንድ አይደለም።

ስለ ጓደኛዬ ደግሞ መናገር አለብኝ። በክበባችን ውስጥ ከሁላችን የምትበልጠው እሷ ነበረች። እኔ እንዳልኳችሁ አንድ ዘፈን ወጣሁ እንጂ እሷ ሙሉ ፕሮግራም ትሸከማለች። ትዝታ ስትዘፍን ድምጿን መጀመሪያ ዝቅ አድርጋ ትይዘዋለች፤ ልክ ሰው ጆሮ ላይ እንደምታወራ። ከዚያ አዝማቹ ላይ ስትደርስ ትለቀዋለች። ማይክራፎኑን ራቅ ማለት እንዳለባት ማንም ሳይነግራት ታውቅ ነበር፤ ሌሎቻችን ማይክራፎኑን ልንውጠው ምንም አይቀረን። የአኮርዲዮኑ ልጅ እሷ ስትዘፍን መሣሪያውን ያቆመዋል። «እኔ ምን ልጨምርበት» ይላል።

በ1965 ዓ.ም. ዳሯት። ዘጠነኛ ክፍል ሳትገባ። መድረክ መውጣቷ ነው ያስቸኮላቸው፤ «ስሟ ሳይጠፋ» አሉ። ድምጿን የቀዳው ሰው የለም። ሸክላ የለም፣ ቴፕ የለም። ያ አሜሪካዊ መምህር ቴፕ ሪከርደር ነበረው፤ አንድ ቀን አምጥቶ ሊቀዳን ሲል መብራት ጠፋ። ሌላ ቀን እንቀዳለን ተባባልን። አልተቀዳም።

ጓደኛዬ አለች። ቢቸና አካባቢ ትኖራለች፤ የልጅ ልጆች አሏት። ባለፈው ፋሲካ ቤቷ ሄጄ ነበር። የልጅ ልጇ ስልኩን አውጥቶ «እማማ እስቲ ያንን» ሲላት ዘፈነች። ድምጿ ወፍሯል፣ ትንፋሿም አጥሯል። ግን ዝቅ አድርጋ የምትጀምረው አጀማመር ያው ነው። ግጥሙንም አንድ ቃል አልሳተችም። አሁን ይሄ በአንድ ልጅ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ያለ ነው። ስልኩ ቢጠፋ እሱም ይጠፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸክላ የታተመለት ዘፈን ተረፈ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ደግሞ ሲያወጣው ዓለም ሰማው። እሰየው ነው። ግን ሊያወጣ የሚችለው የተቀዳውን ነው። ያልተቀዳው የለም ተባለ። ከዚያ ታሪክ የሚጽፉትም ሸክላውን ተከትለው ጻፉ። ሸክላው የታተመው አዲስ አበባ ለሚዘፍኑ ስለሆነ ታሪኩም የአዲስ አበባ ሆነ። ሌላ ቦታ መድረክ ስላልነበረ አይደለም።

ከጎጃም ዝነኛ የሆነ ዘፋኝ ሲነሣም ከአዲስ አበባ ነው የሚጀመረው። ሙሉቀን መለሰን ውሰዱ። ጎጃም ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ ሄደ፤ በዚያ ጊዜ ገና አፍላ ወጣት ሆኖ አገር ያወቀው ዘፋኝ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲያርፍ ብዙ ተጻፈ። «ተወልዶ» የሚለው አንድ ቃል ብቻ ለእኛ ደረሰን። እንደ እሱ ያልሄዱት፣ እዚሁ የቀሩት፣ እነሱስ?

ባሕር ዳርም እንዲሁ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊቴክኒክ የሶቪየት መምህራን ነበሩት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም ሠራተኛውን ከየአገሩ ሰብስቦ ነበር። እንደዚያ ያለ ከተማ ውስጥ ሙዚቃ አልነበረም ብሎ የሚያምን ካለ ይንገረኝ። እኔ የማርቆሱን ነው የማውቀው፤ የባሕር ዳሩን የባሕር ዳር ሰዎች ይጻፉ።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ተማሪውም ሰልፍ ወጣ። የወላጆች በዓል የሚያስብ ጠፋ። በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣና ትልልቆቹ ልጆች ዘመቱ። አዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊቱ ጭፈራ ቆመ። አምሃ እሸቴም አገር ጥሎ ወጣ። እዚህ ግን መድረኩ አልተዘጋም፤ ዘፈኑ ነው የተለወጠው። ቀበሌው የኪነት ቡድን አቋቋመ፣ አውራጃው ኪነት አቋቋመ። አባቶች «አዝማሪ» እያሉ ያወረዷቸው ሴቶች ልጆች በጥቂት ዓመት ውስጥ «ኪነት ግቡ» ተብለው በቀበሌ ተጠሩ። ጓደኛዬ ትንሽ ዘግይታ ብትወለድ ኖሮ ማንም አያስቆማትም ነበር። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያበግነኛል።

ግሽ ዓባይ ኪነትን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጎጃምን ያስጠራ ቡድን ነው። እኔ በበኩሌ ያ ቡድን ከሰማይ አልወረደም እላለሁ። ከማሲንቆ ጋር ሌላ መሣሪያ አስማምቶ መጫወትን፣ መድረክ ላይ ቆሞ ሕዝብ ማስተናገድን፣ ለዘፈን ግጥም የሚጽፍ የቅኔ ሰው መፈለግን፣ ይሄን ሁሉ ትምህርት ቤቶች አስቀድመው ሠርተውት ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። አሁን አሁን «የድሮ ዘፈኖች ምሽት» እየተባለ አዳራሽ ይዘጋጃል። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ልጁ ዘፈኑን በፕሌይባክ ከፍቶ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። የጥላሁንን ዘፈን! ልጆቹን አልወቅስም፤ ባንድ የሚቀጥርላቸው የለም፣ ክፍያውም ትንሽ ነው። አዘጋጆቹን ግን እለምናለሁ። አንድ ክራርና አንድ ማሲንቆ ማርቆስ ውስጥ አይጠፋም። እሱን አቅርቡና ልጁ በራሱ ድምፅ ይዝፈን። ቢሳሳትም ይሳሳት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ጋዜጣችሁ ለክፍለ ሀገር መድረክ ቦታ ይስጥ። በሳምንት አንድ ዓምድ አልጠይቅም፤ አንድ ሩብ ገጽ ይበቃል። ከጎጃም ብቻ አይሁን፤ ከደሴም፣ ከጎንደርም፣ ከጅማም፣ ከሐረርም ሰው ይጻፍ። በየትምህርት ቤቱ፣ በየማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የዘፈኑ ሰዎች ዛሬ ሰባ ዓመት እየሞላቸው ነው፤ ያለፉትም ብዙ ናቸው።

የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ይሄን የምታነቡ ከሆነ፣ ተማሪዎቻችሁን ስልክ አስይዛችሁ ላኩልን። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ስናወራም ስንዘፍንም ይቅዱን፤ ክራሩ እንዴት ይቃኝ እንደነበር፣ ማን ግጥም ይጽፍ እንደነበር ይጠይቁን። ሴቶቹ ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጉ እንደሆነ መጀመሪያ ይጠየቁ። አንዳንዶቻችን ዛሬም ለቤተሰባችን አልተናገርንም።

እናንተም አንባቢዎች፣ ሣጥናችሁን ክፈቱ። በስቴንስል የተባዛ የወላጆች በዓል ፕሮግራም ይኖራል። ከትምህርት ቤት መድረክ የተነሣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይኖራል። አትጣሉት። ጀርባው ላይ ቦታውን፣ ዓመተ ምህረቱን፣ የምታውቁትን ሰው ስም በእርሳስ ጻፉበት፤ እስክሪብቶ ፎቶውን ያበላሸዋል። ከዚያ በስልክ አንስታችሁ ወደ ዝግጅት ክፍሉ ላኩት። እኔ ያለኝን አንድ ፎቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ። ከግራ ሦስተኛዋ ጓደኛዬ ናት፤ ስሟ እንዲወጣ ስለፈቀደች ከፎቶው ጀርባ ጽፌላችኋለሁ። ስታትሙት እንዳትቆርጧት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ መምህርት
ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም